መኪናው ሳይመጣ የተከፈለ ገንዘብ

ቴስላ እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሞዴል 3 የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና ሲያስተዋውቅ፣ ብዙ ሰው መኪናዋን ገና ሳያያት በመሸጫዎቹ ደጃፍ ተሰልፎ 1,000 ዶላር እየከፈለ ተራ ያዘ። በአንድ ሳምንት ከ325,000 በላይ ትእዛዝ ተመዘገበ። ይህ ከ325 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ለገዢ የተሰጡት ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር።

ሐሳቡን የቀየረ ሰው ገንዘቡ እንደሚመለስለት ውሉ ይናገራል። ያው ውል ገንዘቡ በተለየ ወይም በአደራ ሒሳብ እንደማይቀመጥ፣ ወለድም እንደማይታሰብበት ይገልጻል። ስለዚህ ከፋዩ፣ ሳይታወቀው፣ ለኩባንያው ያለ መያዣና ያለ ወለድ አበድሯል። ኩባንያው በገንዘቡ ማሽን ቢገዛበት፣ ደመወዝ ቢከፍልበት ከልካይ የለውም። «ይመለሳል» የሚለው ተስፋ የሚሠራው ካዝናው ባዶ እስካልሆነ ድረስ ነው። ቴስላ ቀናው።

ሌላው የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ ፊስከር ግን አልቀናውም። «ኦሽን» ለተባለች መኪናው ከሰው 250 ዶላር ማስያዣ ሲቀበል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ዴላዌር በሚገኘው ፍርድ ቤት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። የመሥራቹ፣ የመኪና ዲዛይነሩ የሄንሪክ ፊስከር የቀድሞ ኩባንያም በ2013 በዚሁ በር አልፏል፤ የመኪና ዲዛይነር ዝና ለከፋይ መያዣ አይሆንም።

ኩባንያ ሲከስር ሕጉ ገንዘብ ጠያቂዎችን በተራ ያሰልፋል። መያዣ ያላቸው አበዳሪዎች ከያዙት ንብረት ይወስዳሉ። ከዚያ የክሱ ወጪና የጠበቆች አበል፣ ቀጥሎም የሠራተኞች ደመወዝ ይመጣል። የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ክፍል 507 ላልተረከበው ዕቃ አስቀድሞ የከፈለን ግለሰብ በሰባተኛው ረድፍ፣ ከመንግሥት ግብር እንኳ ፊት አቁሞታል። ጣሪያው ግን ዝቅ ያለ ነው፤ በ1978 ሲወጣ 900 ዶላር ነበር፣ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ 3,800 ዶላር ሆኗል። ለ1,000 ዶላር ይበቃል። 50,000 ዶላር ያስያዘ ሰው ግን 46,200ው የሚቀመጠው ከመጨረሻዎቹ ተሰላፊዎች ዘንድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሽርፍራፊ ነው። ሌላም ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ግዢው ለራስ፣ ለቤተሰብ ወይም ለቤት አገልግሎት መሆን አለበት። በዋሽንግተን አካባቢ ለታክሲ ሥራ መኪና የሚያዝ ወገናችን ይህን ቅድሚያ ላያገኝ ይችላል።

የተከፈለበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። በእንግሊዝ የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75፣ ከዋጋው ትንሽ ክፍል እንኳ በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ፣ ሻጩ ውሉን ሲያፈርስ ካርድ ሰጪውን ባንክ አብሮ ተጠያቂ ያደርገዋል። ወሳኙ የማስያዣው መጠን ሳይሆን የዕቃው ዋጋ ነው፤ ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከ30,000 መብለጥ የለበትም። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከዚህ ጣሪያ በላይ ስለሚሸጡ ጥበቃው ያልፋቸዋል። በአሜሪካ ደግሞ የካርድ ክፍያን በሕግ ለመቃወም ያለው ጊዜ ክፍያው ከሰፈረበት መግለጫ ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ መኪናው ለዓመታት ለሚጠበቅበት ግዢ አጭር ነው።

ኢትዮጵያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ነገሩ የእኛም ሆኗል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል፦ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ለገዢ ቸር ነው። «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» የሚል ገደብ ግን አለበት፤ ስለዚህ አስመጪው በሚያስፈርመው ቅጽ ላይ እጥፉን የሚያስቀር መስመር መኖሩን ከመፈረም በፊት ማንበብ ይገባል። ደግሞም እጥፍ የሚመልሰው ገንዘብ ያለው ሻጭ ነው። ትልቅ ድምር የሚከፍል ሰው አስቀድሞ የባንክ ዋስትና ወይም መኪናው እስኪደርስ ገንዘቡን ሦስተኛ ወገን የሚይዝበት ሒሳብ ይጠይቅ፤ ሻጩ እምቢ ካለም ምክንያቱን ይጠይቀው።