ሥራ ቦታ ላይ ማን ተብለን እንጠራለን?



የዘንድሮ ተመራቂዎቻችን በቅርቡ ለተግባር ልምምድ ይበተናሉ። ከፊሉ ወደ ደሴ፣ ከፊሉ ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ ከፊሉም እዚሁ መካነ ሰላም ባሉ መሥሪያ ቤቶች። አምና ከልምምድ የተመለሰች አንዲት እህታችን ያጫወተችንን ሳንነግራችሁ ብትሄዱ አደራ የበላን ይመስለናል። ፈቃዷን ጠይቀን ነው የምንጽፈው።

እህታችን በተመደበችበት ቢሮ የጠላት ሰው አልነበረም። የምትሰግድበት ቦታ ግን አልነበራትም፤ መጠየቅም አፈረች። «ገና በሳምንቷ ጥያቄ አበዛች» እንዳይሏት ፈራች። ስለዚህ የራሷን መላ ዘየደች። ጠዋት ውዱእ አድርጋ ትወጣለች፤ ዙህርን ሰው የማያልፍበት የኮሪደር ጥግ ፈልጋ ትሰግዳለች፤ ውዱኧ እንዳይፈርስብኝ ብላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውኃ አትጠጣም፣ ሽንቷንም ትይዛለች። በሦስተኛው ሳምንት በየቀኑ ራሷን ያማት ጀመር። በአራተኛው ሳምንት ትኩሳትና የሽንት ማቃጠል ተጨምሮባት ሕክምና ሄደች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ያከማት ባለሙያ «ውኃ ትጠጫለሽ?» ሲላት መልስ አጣች፤ አለቀሰች።

በነጋታው ለአለቃዋ ነገረችው። «ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? ዕቃ ክፍሉ ከሰዓት ባዶ ነው» ብሎ ቁልፉን ሰጣት። ንግግሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያ አንድ ደቂቃ ግን አንድ ወር ሙሉ ተራራ ሆኖባት ቆይቶ ነበር።

ሁሉም አለቃ እንዲህ ነው አንልም። በሌላ ቦታ የተመደበ ወንድማችን ያንኑ ጥያቄ ጠይቆ «ይሄ መሥሪያ ቤት እንጂ መስጂድ አይደለም» ተብሏል። ከዚያ በኋላ ከአለቃው ጋር ስለ ሥራውም ቢሆን መነጋገር ከበደው። ያላወቀውን ከመጠየቅ ይልቅ ገምቶ መሥራት ጀመረ፤ ስህተቱም በዛ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአንድ ሰው ላይ ስንት ነገር እንደምትወስድ አስቡት።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? የእህታችን ዓይን አፋርነት ብቻ አይመስለንም። በወሎ ምድር ሥልጣንና ስም የተሳሰሩበት የቆየ ታሪክ አለ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ የተካሄደውን ጉባኤ ሁላችንም በታሪክ ትምህርት አንብበነዋል። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት በሹመታቸው ለመቆየት ክርስትና መነሳት ነበረባቸው። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ «ሚካኤል» ተባሉ፤ ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ «ኃይለ ማርያም»። ቀን በአዲሱ ስማቸው እየተጠሩ ማታ ሶላታቸውን የሚሰግዱ እንደነበሩም ይነገራል። መንግሥት ቤት ሲገቡ እምነትን ከደጅ ጥሎ መግባት ለአያቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ዛሬ እንዲህ የሚያዝ ሕግ የለም፤ ልማዱ ግን ከሕጉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው ታላቁ ሰልፍም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጥተው ነበር። ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱ የአጠራር ጥያቄ ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባል ይቅር፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት የቃላት መቀያየር ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው አጠራር እንግዳ ያደርግሃል፣ ሁለተኛው የቤት ልጅ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ።

ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደው የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የምሳ ዕረፍቱ ከ6:30 እስከ 7:30 ሲሆን ዓርብ ግን ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ጁሙዓ የሚያርፈው በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው፤ አብዛኞቻችን ልብ ብለነው አናውቅም። በግል ድርጅት የምትቀጠሩ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብባችሁ ሂዱ። አንቀጽ 14 አሠሪው በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሕግ ጠቅሶ መናገር ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ንግግር ባይሆን እንመርጣለን። «ከ7 ሰዓት በፊት አሥር ደቂቃ ያስፈልገኛል፣ ሥራዬን በዚህ ሰዓት አካክሳለሁ» የሚል ቁርጥ ያለ ቃል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሲነገር፣ ብዙ በር ይከፍታል። ከወር በኋላ ሲነገር ቅሬታ ይመስላል።

ነገሩ የጤና ጉዳይ ነው ስንል የእህታችንን ሕመም ብቻ ይዘን አይደለም። እንግሊዞች የመንግሥት ሠራተኞቻቸውን ለአሥርት ዓመታት የተከታተሉበት «ኋይትሆል» የሚባል ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከዚሁ ጥናት የወጣ ጽሑፍ ከ6 ሺህ በላይ ወንድ ሠራተኞችን ይመለከታል። የተጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፦ አለቃህ ችግርህን ይሰማሃል ወይ? ያለ ጥፋትህ ትወቀሳለህ ወይ? ስትሠራ ትመሰገናለህ ወይ? በአለቆቻቸው ዘንድ ፍትሕ እናገኛለን ያሉት ሠራተኞች በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሰው አፍ ልብ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንንም እንመርምር። እኛም እንናገራለን። ቢሮ ውስጥ ሁለት ሙስሊሞች ስንሆን ሌላው በማይገባው ቃል መንሾካሾክ ልማዳችን ነው፤ ሦስተኛው ሰው ምን እንደሚሰማው አንጠይቅም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም የሥራ ባልደረባችን ፊት ሥጋ አስቀርበን «ቅመስ እንጂ» እንላለን። ሥራ አስኪያጁን «እርስዎ» ብለን የእናታችን እኩያ የሆነችውን ጽዳት ሠራተኛ «አንቺ» ስንል እንሰማለን። ገጠር ያሉት ወላጆቻችን ታላቅን «አንቱ» ብለው ሲጠሩ ደመወዙን ጠይቀው አይደለም። ስምም እንደዚሁ ነው። አብዱልከሪምን «አብዱ» ብለን ስናሳጥር «የ... ባሪያ» ብለን የማንን ሳንጨርስ እንተወዋለን። አብዱ መባልን የሚወድ ሞልቷል፤ እሱን አንነካም። የማይወደው ግን «ሙሉውን ጥሩኝ» ማለት ይችላል፤ እኛም የሌላውን ስም እንደዚያው አሟልተን እንጥራ።

የጤና ተማሪዎቻችን ደግሞ ከሁላችንም የከበደ አደራ አለባችሁ። ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት ረመዳን ሲቃረብ ሊታከሙ ይመጣሉ እንበል። «ጾም የሚባል ነገር የለም!» ብትሏቸው «እሺ ልጄ» ብለው ይወጣሉ። ከዚያ ይጾማሉ፤ መድኃኒቱንም በራሳቸው ሰዓት ያዘዋውራሉ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አይነግሯችሁም። «እማማ፣ ረመዳን እየመጣ ነው፤ ምን አስበዋል?» ብላችሁ ብትጀምሩ እውነቱን ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው ምክሩ የሚሰማው። ጣት ተወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማያስፈታ፣ ልኩ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ግን ወዲያው ማፍጠር እንዳለባቸው፣ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ከረመዳን በፊት መስተካከል እንዳለበት ንገሯቸው። ጾሙ ጭራሽ የማይፈቀድላቸው ሕመምተኞችም አሉ። እነሱም ቢሆኑ ኢማማቸውንና ሐኪማቸውን አንድ ቃል ሲናገሩ ሲሰሙ ይቀበላሉ። ክርስቲያኑ ታማሚ ዐቢይ ጾም ሲመጣ ያው ጥያቄ ይገባዋል።

ወሎ ለዚህ የሚሆን ቃል አያጣም። «አብሽር» የሚለውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ከዐረብኛ መጥቶ የሁላችንም ሆኗል። ያዘነን ሰው፣ የደከመን ሠራተኛ፣ የደነገጠን ታማሚ «አብሽር» ማለት ሥልጠና አይጠይቅም። ወደ ፋብሪካም ወደ ቢሮም ይዛችሁት ሂዱ።

እህታችን ከልምምድ ስትወጣ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ለአለቃዋ መልሳ ነበር። ሰሞኑን ደወለችለት። ዘንድሮ ከእኛ ግቢ ሌላ ልጅ እንደተመደበችለት ነግሯታል፤ ቁልፉንም በመጀመሪያው ቀን እሰጣታለሁ ብሏል።