የጥርስ ነርቭ ከቆሰለ በኋላ ይድናል?

ከመካከላችሁ በጥርስ ሕመም ሌሊቱን ሲገላበጥ ያላደረ ካለ እጁን ያውጣ! የዶርም ጓደኛዬ ሦስት ቀን ሙሉ ቅርንፉድ ነክሶ ሲሰቃይ ሰነበተና በአራተኛው ቀን "ተወው፣ ዳንኩ" አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ "ዳንኩ" የሚለው ቃል ነው።

ጥርስ ድንጋይ አይደለም። ከላይ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ሽፋን አለ፤ ከሥሩ ዴንቲን፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ሐኪሞች ፐልፕ፣ እኛ በደፈናው "የጥርስ ነርቭ" የምንለው ለስላሳ ክፍል። ነርቭ ብቻ ሳይሆን የደም ሥርም አለበት። ዴንቲን በዓይን የማይታዩ፣ ፈሳሽ የያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ስዊድናዊው ማርቲን ብራንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዳስረዳው፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ያ ፈሳሽ ይንቀሳቀስና ነርቩን ይቀሰቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የጀርመንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዴንቲንን የሚሠሩት ሕዋሳት ራሳቸው ቲ አር ፒ ሲ 5 በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ቅዝቃዜን እንደሚለዩ አሳዩ። የሚገርመው፣ በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ያለው ዩጂኖል ይህንኑ ፕሮቲን ያግዳል። እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል ማለት ነው!

ቅርንፉድ ግን ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ሌላው አካላችን ሲቆጣ ያብጣል፤ ፐልፕ ግን ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ ስለታጠረ ማበጫ ቦታ የለውም፣ ግፊቱ ነርቩ ላይ ያርፋል። ስንተኛ ወደ ራሳችን የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ሌሊት ይብሳል። በመጨረሻ ፐልፑ ይሞትና ሕመሙ ጸጥ ይላል። ጓደኛዬ ዳንኩ ያለው ምናልባት ይሄን ይሆናል። ኢንፌክሽኑ ግን በጥርሱ ሥር በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት መሄዱን አይተውም።

ታዲያ ፐልፕ ራሱን አይጠግንም ወይ? ይጠግናል፤ ቀላል ጉዳት ሲደርስበት አዲስ ዴንቲን ይሠራል። ችግሩ ስስ መሆኑ ነው፣ ትልቅ ቀዳዳ አይደፍንም። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የፖል ሻርፕ ቡድን ለአልዛይመር ሕመም ሲሞከር የነበረውን ታይዴግሉሲብ የተባለ መድኃኒት በኮላጅን ስፖንጅ ነክሮ በአይጦች ጥርስ ቀዳዳ ውስጥ አስቀመጠ። ስፖንጁ ቀስ በቀስ ሟሙቶ ቦታውን ዴንቲን ያዘው። ወዲያው "ጥርስ ማስሞላት ሊቀር ነው" የሚሉ ዜናዎች ወጡ። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን፤ የአይጥ ጥርስ ቀዳዳ ስንት ትሆናለች?

ለእኔ የበለጠው የቻይናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት በአደጋ ጥርሳቸው ተጎድቶ ፐልፑ የሞተባቸውን ልጆች ይመለከታል። ተመራማሪዎቹ ከልጆቹ ከራሳቸው የወተት ጥርስ ስቴም ሴል ወስደው በተጎዳው ጥርስ ውስጥ ተከሉት። ከአንድ ዓመት በኋላ ደም የሚመላለስበት፣ ስሜትም ያለው ፐልፕ ተገኘ። በተለመደው መንገድ የታከሙት ግን ይህን አላገኙም። እንግዲህ እነዚህ ልጆች ሕመም የሚሰማው ጥርስ ተመለሰላቸው፤ እንዲህ ያለ ስጦታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የልጆቹ ጥርስ ሥሩ ገና አድጎ ያላለቀ ስለነበር በእኛ ዕድሜ ላለ ሰውም ይሠራል ማለት አይደለም። ለእኛ ያለው አማራጭ ፐልፑ ሳይሞት ማስሞላት፣ ከሞተ ሩት ካናል፣ እሱም ካልሆነ ማስነቀል ነው።