ማሽን ፊደል ሲያስቆጥር

የአንደኛ ክፍል ልጅ «ልብስ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነብ ልብ ብለን እናዳምጠው። ጣቱን ከፊደሉ ሥር አድርጎ «ል... ብ... ስ» ይላል፤ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ በእኩል ጉልበት። ፊደሎቹን ያውቃቸዋል፣ ቃሉን ግን ገና አላገኘውም። አጠገቡ የተቀመጠችው እህቱ «አትቆራርጠው፣ ፈጠን አድርገህ በለው» ትለዋለች። ደግሞ ይሞክራል፤ ድምፆቹ ይጋጠማሉ፤ «ልብስ!» ይልና የለበሰውን ሹራብ ያያል።

በንባብ ትምህርት ትልቁ ሥራ የሚሠራው በዚች ቅጽበት ነው። ሊኒያ ኤሪ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዳስረዱት፣ ልጁ የፊደሉን ቅርጽ፣ ድምፁንና የቃሉን ትርጉም በአንድ ላይ ሲያስተሳስር ቃሉ በአእምሮው ይቀመጣል። ጥቂት ጊዜ ከደጋገመው በኋላ መቁጠሩ ይቀርና ሲያየው ወዲያው ያውቀዋል። ለዚህ ግን ሲሳሳት ወዲያው የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል። ከሊማሊሞ ግርጌ፣ በጎንደር–ሽሬ መንገድ ላይ ባለችው አዲ አርቃይም ሆነ በሌላው የገጠር ትምህርት ቤት፣ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አንዲት መምህርት ለእያንዳንዱ ልጅ ይህን ላድርግ ብትል ቀኑ አይበቃትም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይ ድረስ ዘልቋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል።

ታዲያ እህት ወይም መምህርት በሌለችበት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጫነበት ታብሌት ሊተካት ይችላል?

የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ለብቻው አስጠኚ የተመደበለት መካከለኛ ተማሪ በመደበኛ ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ ጽፈው ነበር። ሌላው ተመራማሪ ከርት ቫንሌን እ.ኤ.አ. በ2011 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ ግን የሰው አስጠኚ ጥቅም ከዚያ ከግማሽ በታች ሆኖ አገኙት። ተማሪውን ደረጃ በደረጃ የሚከታተል ኮምፒውተርም ከሰው እምብዛም የራቀ አልነበረም። ሆኖም እነዚያ ጥናቶች ባመዛኙ ሒሳብና ሳይንስ የሚማሩ፣ ማንበብ የቻሉ ተማሪዎችን የሚመለከቱ ናቸው። ፊደል ቆጣሪ ልጅ ሌላ ነው።

ማሽኑ በእርግጥ የሚያግዝበትን ቦታ የድሮ መምህራን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን እንደ ዜማ ሸምድዶ ይወጣና፣ ከመካከል «ሹ»ን ነጥለው ሲያሳዩት ይጠፋበታል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው ለዚህ ይመስለኛል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ የፊደሉንም የእርባታውንም ተራ ስለሚያፈርስ፣ በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ ይጋለጣል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። አንድ ልጅ ከእነዚህ መካከል የትኞቹን እንደሚያምታታ መዝግቦ፣ እነዚያኑ እያሰባጠረ ሳይታክት መጠየቅ ለኮምፒውተር ቀላል ነው። ብዙ ተማሪ ላለባት መምህርት ግን ከባድ ነው። በዚህ በኩል ታብሌቱን በደስታ እቀበለዋለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብና ማሽኑ መስማት ሲኖርበት ነው። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ልጁ ቤት አለ» የሚለው ጠብቆ ከተነበበ ልጁ ቤት ውስጥ ነው፤ ላልቶ ከተነበበ «ቤት» ብሎ ተናገረ ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከታሪኩ ነው። እህቱ ያለ ምንም ሥልጠና ትሰማዋለች፣ ታርመዋለች። ማሽኑ ግን የሚያውቀው ከሰማው ነው። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያዘጋጁትና ለአማርኛ ንግግር ምርምር መሠረት የሆነው የድምፅ ክምችት፣ ከ100 ሰዎች የተቀዳ 20 ሰዓት ያህል የዜና ጽሑፍ ንባብ ነው። የልጅ የድምፅ መተላለፊያ አጭር ስለሆነ ድምፁ ይቀጥናል፤ አነባበቡም ይንተባተባል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። በአዋቂዎች ንባብ የሠለጠነ ማሽን ትክክለኛውን «ተሳስተሃል»፣ ስህተቱን «ጎበዝ» ሊለው ይችላል። ለጀማሪ አንባቢ ከዚህ የከፋ አስጠኚ የለም።

ኢትዮጵያ ያለ መምህር ማስተማርን ከዚህ በፊት አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካዊው የቴክኖሎጂ ምሁር የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጠ። ልጆቹ ቶሎ ከፈቷቸው፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር መጀመራቸው በዓለም ተነገረ። የልጆቹ ንቃት ያኮራል። ነገር ግን መዝሙሩ ንባብ አይደለም፤ ያውም አፋቸውን ባልፈቱበት ቋንቋ ነበር። በታንዛኒያ ታንጋ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 የተጠናቀቀው የታብሌት ማስተማሪያ ፕሮግራሞች ውድድር የተሻለ ያስተምራል። በ170 ገደማ መንደሮች ያሉ ልጆች ኢንተርኔት በማያስፈልገው ታብሌት፣ በራሳቸው ስዋሂሊ ለ15 ወራት ተማሩ። ሲጀመር ከአሥሩ ከዘጠኝ የሚበልጡት አንድ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በመጨረሻ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ትምህርት ቤት ለሌለበት መንደር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቀሩት ልጆች ግን ከታብሌቱ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖረውም አላነበቡም።

ስለዚህ ለአዲ አርቃይ ቢጠይቁኝ፣ ታብሌቱን ለሕፃኑ ብቻውን አልሰጠውም። ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ታላላቆች ሰጥቼ ታናናሾቻቸውን በአጠገባቸው አስቀምጣለሁ፤ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤትም የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ያስቆጥር ነበር። ማሽኑ ፊደሉን ይምረጥ፣ ስህተቱን ይመዝግብ፤ ሰሚውና አራሚው ሰው ይሁን። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ክልል ስለምንሠራም ሁሉ ነገር ከመስመር ውጭ መሥራት አለበት። ጎን ለጎን የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከመምህራን ጋር ሆነው፣ በወላጅ ፈቃድ፣ የዚህን አገር ልጆች ንባብ ይቅዱ፤ የጠበቀውንና የላላውን፣ የተሳተውንና የታረመውን ምልክት ያድርጉበት። ማሽኑን ልጆችን እንዲሰማ ማሠልጠን የሚቻለው እንዲህ ያለ ቅጂ ሲኖር ነው።