የተረፈውን ስፕሬይ ቀለም የት አስቀመጡት?

ክረምቱ ሲወጣ የግቢው በርና የመስኮቱ ፍርግርግ ይዝጋሉ። ለአዲስ ዓመት ቤት ሲያሰማምሩ አንድ ሁለት ጣሳ የብረት ስፕሬይ ገዝተው ያድሷቸዋል። የተረፈውስ? ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ያንሱት።

ቀለሙን ከጣሳው ገፍቶ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በሲሊንደር ገዝተው የሚያበስሉበት ጋዝ ዓይነት ማለት ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ራቅ ብሎ የተቀመጠ የከሰል ምድጃም ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ሲቀቡ፦ ደጅ ላይ ይሁን። በአቅራቢያው ቡና አይፈላ፣ ሲጋራ አይጨስ፣ ብየዳ አይሠራ። ተራው የአፍ መሸፈኛ የቀለሙን ትነት ስለማያግድ ልጆችን ያርቁ።

ሲያስቀምጡ፦ ጣሳው ላይ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይሞቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ያገኛሉ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል እዚያ አይተዉት። ጥላ ያለበት፣ ደረቅና የሚቆለፍ ቦታ ይምረጡለት።

ሲጨርሱ፦ ጣሳውን ገልብጠው ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ድረስ ይጫኑት፤ አፉ አይደፈንም፣ ለሌላ ጊዜም ያገለግላል። ያለቀ ቢመስልም ውስጡ ጋዝ ስለሚቀር አይብሱት፣ እሳት ውስጥም አይጣሉት፤ ሲግል ይፈነዳል። ግቢ ውስጥ ቆሻሻ የሚያቃጥል ሰው ካለ ይህንን አስቀድመው ይንገሩት።