ብርና ሜትር፦ ስለ ሥራ ተቋራጮች ደረጃ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለተመለከተ ሰው የግንባታ ዘርፋችን ሁለት ጫፎች በአንድ ጊዜ ይታዩታል። በአንድ ወገን በቻይና ኩባንያ የተሠራው የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ ይነሣል፤ በሌላው ወገን የአገር ውስጥ ተቋራጮች የገነቧቸው ኮንዶሚኒየሞች ተደርድረዋል።

ማን የትኛውን ሥራ ይያዝ የሚለውን የሚወስነው የፈቃድ ደረጃ ነው። ተቋራጮች በጠቅላላ፣ በሕንፃ፣ በመንገድና በመሳሰሉት ዘርፎች ተመዝግበው፣ ከከፍተኛው ደረጃ 1 ጀምሮ እስከ 10 ሲመደቡ ቆይተዋል። ምደባው ባለሙያንና መሣሪያን ይመዝናል፤ የሚይዙት ሥራ ጣሪያ ግን በብር ይቀመጣል።

ሥጋቴ እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተተወ ወዲህ ያው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ አንድ ብሎኬት ሳይጨመርበት፣ ዋጋው ንሯል። ጣሪያው ካልተስተካከለ ተቋራጩ ትናንት የሠራውን ዛሬ ይከለከላል። ያን ጊዜ የሌላውን ፈቃድ መከራየት ያጓጓዋል፤ በወረቀት የተመዘገበው መሐንዲስም ከሥራው ቦታ አይገኝም። አደጋው የሚወድቀው በቀን ሠራተኛውና በነዋሪው ላይ ነው።

በአንጻሩ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን የመደበው በአገልግሎት፣ በፎቅና በሜትር ነው፤ ከፍታው ከ12 ሜትር የበለጠውን ሕንፃ በምድብ «ሐ» አስቀምጧል። ሜትር አይረክስም። ስለዚህ የብሩ ጣሪያ ከዋጋ ጋር በየጊዜው ይከለስ፣ ከሥራው ክብደትም ጋር ይያያዝ እላለሁ። ደረጃ የችሎታ መለኪያ እንጂ የገበያ ዋጋ ጥላ ሊሆን አይገባውም።