ዓረብኛን አስተካክሎ የሚጽፍ የምስል ላይብረሪ

ለድረ ገጽ መተግበሪያ የምስል ማቀናበሪያ ላይብረሪ፣ ማለትም ምስልን ለማሳነስ፣ ለመቁረጥና ጽሑፍ ለማሳረፍ የሚያገለግል ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ በሚመረጥበት ጊዜ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ፍጥነትን ነው። በሪያድ ግን የቤት፣ የመኪናና የሱቅ ማስታወቂያዎች ዓረብኛ ጽሑፍ ስለሚያርፍባቸው፣ ቀዳሚው መመዘኛ ሊሆን የሚገባው ላይብረሪው ዓረብኛን አስተካክሎ መጻፉ ነው፤ በዚህ ረገድ ሊብቪፕስ የተባለው ላይብረሪ የሚገባውን ያህል አልታወቀም።

የሊብቪፕስ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው ቫሳሪ የተሰኘ የአውሮፓ ፕሮጀክት ሲሆን፣ ዓላማውም በለንደን ናሽናል ጋለሪ የሚገኙ ሥዕሎችን በከፍተኛ ጥራት መቅዳት ነበር። ምስሎቹ ለዘመኑ ኮምፒውተሮች እጅግ ግዙፍ ስለነበሩ ላይብረሪው ሥራውን በቁራጭ በቁራጭ ማከናወንን ለመደ፤ ዛሬም የማስታወሻ ቆጣቢነቱ ከዚህ የመጣ ነው።

የጽሑፉን ጉዳይ ለመረዳት የከተማዋን ስም መመልከት ይበቃል። ሪያድ በዓረብኛ ሲጻፍ አሊፍ፣ ላም፣ ራ፣ ያ፣ አሊፍና ዳድ የተባሉ ስድስት ፊደላት አሉት፤ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ላም ከራ፣ ያም ከሁለተኛው አሊፍ ጋር ተያይዘው ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ፒኤችፒ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚመጣው ጂዲ የተባለ የምስል ላይብረሪ በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ ከግራ ጀምሮ ስለሚደረድር፣ ከቀኝ የሚነሣው አንባቢ በመጀመሪያ የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ሊሆን የሚገባውን ዳድ ነው፤ የተቀሩትም ተነጣጥለው ይታያሉ። ሊብቪፕስ በአንጻሩ ጽሑፉን ፓንጎ ለተባለ የጽሑፍ አቀማመጥ ላይብረሪ ያስተላልፋል፤ ፓንጎም አቅጣጫውን ወስኖ፣ ሀርፍባዝ በተባለ ቅርጽ ሰጪ አማካይነት ፊደላቱን ያያይዛል። በጂዲ ሲሠሩ የቆዩ ባለሙያዎች ችግሩን ለመሸፈን ፊደላቱን አስቀድመው በተያያዘ ቅርጻቸው ይተኩና ቅደም ተከተላቸውን ይገለብጡ ነበር፤ ወደ ሊብቪፕስ ሲዛወሩ ይህን ኮድ ሳያነሡ መተው ግን፣ ፓንጎ የተገለበጠውን ዳግመኛ ስለሚገለብጠው፣ ከባድ ቸልተኝነት ነው።

የአማርኛ ፊደላት ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፉና የማይያያዙ በመሆናቸው ችግሩ አይነካቸውም ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። ጂዲ ጽሑፉን የሚጽፈው በአንድ የፎንት ፋይል ስለሆነ፣ የተሰጠው ፎንት የዓረብኛ ብቻ ከሆነ በአማርኛው ቦታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ፓንጎ ግን በሰርቨሩ ላይ ከተጫኑት ፎንቶች መካከል ለየፊደሉ የሚስማማውን ስለሚፈልግ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በኖሩበት በመንፉሃ ሰፈር ላለ ሱቅ የሚዘጋጅ ዓረብኛና አማርኛ የተቀላቀለበት መስመር እንደ አንድ ጽሑፍ ይወጣል፤ ለዚህም እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት አስቀድሞ ሊጫን ይገባል፤ ይህን ሳያደርጉ ላይብረሪውን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ከጽሑፉ ሌላ፣ ላይብረሪው በፎቶው ውስጥ ያለውን መረጃ የሚይዝበት መንገድም ሊታይ ይገባል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ውስጥ ኤግዚፍ የተባለ መረጃ ተቀብሮ ይገኛል፤ ፎቶው የተነሣበትን ቦታና የስልኩን አያያዝ አቅጣጫ ሊይዝ ይችላል። ሊብቪፕስን ኖድ ጄኤስ ለተባለው የፕሮግራም ማስኬጃ የሚያቀርበው ሻርፕ የተባለ ላይብረሪ ምስሉን ሲያስቀምጥ ይህን መረጃ በነባሪ ያስወግዳል፤ አድራሻንና ፎቶግራፍን ከግል መረጃ የሚቆጥረው የሳዑዲ ዓረቢያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በመሆኑ ጠቀሜታው የጎላ ነው። ነገር ግን የአቅጣጫው ምልክትም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ምስሉን በምልክቱ መሠረት የሚያዞረው ትእዛዝ በኮዱ ውስጥ ካልተካተተ፣ ቆሞ የተነሣ ሰው በድረ ገጹ ላይ ጋደም ብሎ ይታያል።