የመንግሥት ልክና የእህል ገበያ

መንግሥት በሕዝብ ኑሮ ውስጥ እስከ ምን ድረስ ይግባ የሚለው ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ክርክር አይደለም። የታች ጋይንት ዋና ከተማ የሆነችው አርብ ገበያ ስሟ ራሱ የገበያ ስም ነው፤ እንደ እርሷ ባሉ ከተሞች ይህ ክርክር በአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ይመነዘራል።

አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ለመንግሥት ሦስት ተግባሮችን ለይቷል፤ እነዚህም አገርን ከጠላት መጠበቅ፣ ፍርድን ማቅናት፣ ግለሰብ ሊያተርፍባቸው የማይችሉትን እንደ መንገድና ድልድይ ያሉ ሥራዎች ማቋቋም ናቸው። ተቃራኒው ወገን ግን ገበያ ገንዘብ ላለው እንጂ ለድኻ አያስብምና ዋጋውንም ክፍፍሉንም መንግሥት ይምራው ይላል። አገራችን በጥቂት ዓመታት ልዩነት የሁለቱንም ጉድለት በዓይኗ አይታለች።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ በደረሰ ጊዜ መንግሥት አደጋውን ሸፍኖ ዝም አለ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት እንዳስረዳው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ሰብሉና ከብቱ የጠፋበት ገበሬ ግን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ እህልም ገዢ ወዳለበት አገር ይሄድ ነበር። ስለዚህ ገበያው ሥራውን እየሠራ ሕዝብ ሊያልቅ እንደሚችል ታወቀ።

ቀጥሎ የመጣው የደርግ መንግሥት ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የጅምላ ነጋዴ ካፒታል ከ300,000 ብር፣ የችርቻሮ ነጋዴም ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትም ተቋቋመ፤ ገበሬውም በኮታ መሠረት መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህሉን እንዲያስረክብ ግዴታ ተጣለበት። ነጋዴውም ከሰበሰበው እህል ብዙውን ክፍል ለድርጅቱ እንዲሸጥ ታዘዘ፤ በጎጃምና በአርሲ ደግሞ የግል የእህል ንግድ እስከ መከልከል ተደረሰ።

ይህ አሠራር የተበላሸበት ምክንያት ግልጽ ነው። እህል ከጎጃም ወደ ጎደለበት ወረዳ የሚጫነው በሁለቱ ቦታዎች መካከል የዋጋ ልዩነት ሲኖር ነው፤ ልዩነቱም የበቅሎውን ኪራይ፣ የመኪናውን ነዳጅና የነጋዴውን ድካም ይከፍላል። እንደዚሁም ከመኸር እስከ ክረምት እህል በጎተራ የሚቆየው የክረምቱ ዋጋ የሚሻል እንደሆነ ነው። ልዩነቱ በትእዛዝ ሲጠፋ ወይም እህሉ በኬላ ሲታገድ የሚጭንም የሚያከማችም አይገኝም። ከዚህም የተነሣ ምርቱ ከኮታው ያነሰበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ኮታውና የእህል ዝውውር እገዳው የተነሣውም ስለዚህ ነው።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች አንድ ላይ ሲታዩ የመንግሥት ልክ በሠራተኞቹ ቁጥር ብቻ እንደማይለካ ያስረዳሉ። የወሎው መንግሥት በሚያስፈልግበት ቦታ አልተገኘም፤ የኮታው መንግሥት በማያስፈልግበት ቦታ ተገኘ። ለተራበ ሰው የመግዣ አቅም መስጠት፣ የመጠባበቂያ እህል ማከማቸት፣ መንገድ መጥረግ፣ ሚዛን መቈጣጠር፣ ውልን በፍርድ ማስከበር ነጋዴ ብቻውን የማይችላቸው ሥራዎች ናቸው። በየሳምንቱ የሚለወጠውን ዋጋ ማወቅ ግን ከገዢና ከሻጭ የበለጠ የሚችለው የለም።

ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ለአስመጪውና ለላኪው የቀረበው ጥያቄ ይኸው የቀድሞው ነበር። ስለዚህ አዲስ ፈቃድ፣ አዲስ ኬላ ወይም አዲስ የዋጋ ትእዛዝ ሲወጣ ነጋዴው ሦስት ነገሮችን ቢመረምር ይጠቅመዋል። ሥራው ያለ መንግሥት ሊሠራ አይችልምን? ወጪውን በመጨረሻ የሚከፍለው ማነው? ትእዛዙ ሲሳሳት ይግባኝ የሚባልበት ዳኛ አለን?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። አባቶች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሠራተኛው በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት መንግሥት ካሣ ሊጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። በሕግ የሚጠየቅ መንግሥት ትልቅም ቢሆን ልኩን ያውቃል፤ የማይጠየቅ መንግሥት ግን ትንሽም ቢሆን ለገበያ ከባድ ነው።